ዓይኔና የላላ ዘኪያ ብርቱካን

ማርች 21

ዛሬ በገዛ ግቢዬ ልብስ ሳሰጣ ክፉ ዓይን ነሽ ተባልኩ።

ያለችኝ ሐያት ናት፣ ሁላችንም በአክብሮት ‹ላላ› የምንላት የጎረቤቴ የዘኪያ ምራት። እስከ ትናንት ድረስ እንደ አክስቷ «ኻልቲ መብሩካ» ነበር የምትለኝ። ዛሬ በግድግዳው ላይ አንገቷን አስግጋ ስሜን ብቻ ጠራች።

«መብሩካ! ነይ እይው! ነይ ሥራሽን እይው!»

ወንበር ላይ ቆሜ አሻግሬ አየሁ። ከላላ ዘኪያ መራራ ብርቱካን ሥር ሲሚንቶው ነጭ ለብሷል። ገና ያልፈነዳ እንቡጥ ነው የረገፈው፤ ሩዝ የተደፋ ይመስላል።

«ቆጠርሽው አይደል? ቆጥረሽ፣ ቁጥሩን ጽፈሽ፣ ፎቶውን ለዓለም አወጣሽው! አንድ ‹ተባረከላህ› ብሎ መጨመር ስንት ቀለም ይፈጅብሽ ነበር?»

እውነቷን ነው፤ አላልኩም። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ጦማሬ ላይ ስለዚያ ዛፍ ጻፍኩ። ሰገነቴ ላይ ሆኜ በአንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት እንቡጥ እንደቆጠርኩ፣ ዘንድሮ አበባውን አፍልተን በእንፋሎት የምናወጣው የአበባ ውሃ ለሰፈሩ ሁሉ እንደሚተርፍ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ያን የምርቃት ቃል ረሳሁት። የሚያብብ ዛፍ፣ የሚጠባ ሕፃን ያለዚያ ቃል እንደማይታይ፣ መቁጠርማ ጭራሽ ነውር እንደሆነ በከተማችን በናቡል የማያውቅ የለም። ከሁሉም ይልቅ እኔ ላውቀው ይገባ ነበር።

ግን ዛፍ እኮ ነው! ዛፍ በቃል ይደርቃል?

ለሐያት ምንም አልመለስኩላትም። ከወንበሩ ወርጄ ልብሴን ማስጣት ቀጠልኩ። እንደ ልማዴ።

ይህን ጦማሩ ላይ ማውጣት አልችልም። ጦማሩ የትንንሽ ነገር ቦታ ነው። ልጄ አማኒ ከሦስት ዓመት በፊት የከፈተችልኝ ነው፤ ስሙ «ከሰገነቱ ላይ»። የዳቦ ወረፋ፣ የጥርሴ ሕመም፣ ድመቷ የወለደችበት ሣጥን፣ ነፋሱ ዛሬ ከየት በኩል እንደመጣ። መቶ ያህል ሰው ያነበዋል። ምንም ብጽፍ «ለምሳስ ምን ሠራሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ የቢዘርቴ ከተማ ጡረተኛ አለ። ስለ ጥርሴም ስጽፍ ይህንኑ ጠይቋል። ለእነሱ «ክፉ ዓይን ነሽ ተባልኩ» ብዬ አልጽፍም። ስለዚህ የአማኒን የድሮ የትምህርት ቤት ደብተር አወጣሁ፤ ግማሹ ባዶ ነው።


ማርች 22

ዛሬም ረገፈ። ሐያት ጠራርጋ አምጥታ ከደጄ ፊት ለፊት ከመረችው። እንዳየው ነው።

አየሁት።


ማርች 24

ዳቦ ቤት ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ያቺ የሸክላ ሠሪው የሳደቅ ሚስት ናት።»

«የትኛዋ? ያቺ ዝምተኛዋ?»

«ዝምተኛ! ስልክ ይዛ ሰገነት ላይ ስትጽፍ ነው የምትውለው።»

«እሷ ደግሞ መጻፍ የት ተማረች?»

«እኔ ምን አውቄ። የተማረ ዓይን ግን ይብሳል ይላሉ።»

ሳቁ። አንደኛዋ የታቀፈችውን ሕፃን ፊት በሻርፗ ሸፈነች። ደንግጣ አይደለም፣ ቀስ ብላ፣ ዝናብ ሊጥል ነው እንደሚል ሰው።

የተማረ ዓይን! የት እንደተማርኩ ዘወር ብዬ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ሳደቅ ነፍሱን ይማረውና የሸክላ ሳህን በእሳት ይጠብስ ነበር፣ እኔ ለሽያጭ እጠቀልል ነበር። ሳህን እንዳይሰበር በአሮጌ ጋዜጣ ነው የሚጠቀለለው። በሠላሳ ዓመቴ ከትልልቆቹ አርእስት ጀመርኩ። አንዱን ፊደል ከአንዱ ለመለየት አንድ ክረምት ፈጀብኝ። ሳደቅ «ዛሬ ደግሞ ሳህኑ ምን አወራሽ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አስተማሪ የለኝም፣ ክፍል የለኝም። ይህንን ነው እንደ ነቀፋ የሚያነሱብኝ።

ዘወር አላልኩም። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።


ማርች 25

አማኒ ከምትኖርበት ከስፋክስ ከተማ ደወለች። ወሬው እዚያ ደርሷል። ሐያት የጽሑፌን ፎቶ አንስታ ለዘመድ ሁሉ ልካዋለች።

«እማ፣ አጥፊው በቃ።»

«ለምን አጠፋዋለሁ?»

«ሰው ነዋ፣ ይረሳዋል። ገጹንም ለጥቂት ጊዜ ዝጊው።»

«ምንም ሳላደርግ?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማ፣ ምንም አላደረግሁም አትበይ… ቆጥረሻል እኮ» አለችኝ።

የፊዚክስ አስተማሪ ናት!


ማርች 27

ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ዛሬ ሰገነት ላይ ወጥቼ ዛፉን በደንብ አየሁት። ይታይብኝ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይሉኛል።

ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ግንዱ ዙሪያ መሬት የሚባል ነገር የለም። ያለፈው ኖቬምበር የላላ ዘኪያ ልጅ ሙንሲፍ መኪና ገዛ። ማቆሚያ ፈለገና ግቢውን በሲሚንቶ ሊያስደለድል ሁለት ሠራተኞች አመጣ። የዛፉ ሥር ከመሬት በላይ ወጥቶ ስለነበር አላስተካክል አላቸው። በመጥረቢያ ቆረጡት። የሰው ክንድ የሚያህል ሥር ነው፤ የተቆረጠበት ውስጡ እንደ ሥጋ እርጥብ ነበር። ከዚያ ሲሚንቶውን እስከ ግንዱ ድረስ አፈሰሱት። አንድ ስንዝር እንኳ አልተዉለትም።

ላላ ዘኪያ የወጥ ቤቷ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። እኔም ሰገነቴ ላይ ቆሜ አይ ነበር። «ታዲያ ውሃው በየት ይገባል?» አልኩ።

ለራሴ ነው ያልኩት። እኔ ሁልጊዜ ለራሴ ነው የምለው።

የዚያን ቀን ጦማሬ ላይ ምን እንደጻፍኩ ፈልጌ አየሁ። ስለ ምስር ሾርባ ነው። ከሙን መጀመሪያ ይግባ ወይስ መጨረሻ። አሥራ አራት ሰው አስተያየት ሰጥቷል።


ማርች 29

ትናንት ያሰጣሁትን ሻርፕ ዛሬ ሳነሳ አንዱ ጫፉ የለም። በመቀስ ነው የተቆረጠው፤ ቀጥ ብሎ፣ በጥንቃቄ።

ለምን እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። የባለ ዓይኗን ልብስ ቆርጠው፣ ከጨው ጋር አቃጥለው፣ የታመመውን ያጥኑበታል። ከሰዓት በኋላ ጭሱ በግድግዳው ላይ ሲወጣ አየሁት። የራሴ ሻርፕ ሲቃጠል ሸተተኝ። ሱፍ ነው፤ ሳደቅ ነው የገዛልኝ።

ደግሞ የሐያት ድምፅ፦ «በደንብ አዙሪው፣ በግንዱ ዙሪያ፣ ሰባት ጊዜ።»

ላላ ዘኪያ እንድታዞር ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። የሚጨስ ነገር ተሸክማ በሲሚንቶ ላይ ሰባት ጊዜ ዞረች። ሲሚንቶውን እየረገጠች!

ማንም ወደ ታች አይመለከትም?


ማርች 30

ያኔም ቆርጠው ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ሕፃኑ ነዒም ይባላል፣ የባሌ እህት የናፊሳ ልጅ፣ የስምንት ወር። ሁላችንም በአማቴ፣ በባሌ እናት ቤት ነበር የምንኖረው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ገና አልወለድኩም፣ ልጅ ሳይ ሆዴ ይባባል። አንስቼ አቀፍኩትና «ይሄ እኮ ሐብሐብ ነው!» አልኩ። ቃሉን አላልኩም። ሰው ሁሉ ሰምቷል። በሳምንቱ ሞተ።

አማቴ ከቀሚሴ ጫፍ ቆርጠው የሞተበትን ክፍል አጠኑበት። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ውስጥ ሴት ስትወልድ እኔ እስከ አርባ ቀን አልጠራም ነበር። አማኒ ስትወለድ ራሱ፣ ሰዎች ለልጄ ሊጸልዩላት የመጡት ከእኔ ሊያድኗት ነበር። በራሴ ልጅ!

ዛሬ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ያኔ ቀሚሴ እንደ ሻርፑ ተሰርቆ አልተቆረጠም። መቀሱን ለአማቴ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ከመሳቢያው አውጥቼ፣ እጀታውን ወደ እሳቸው አዙሬ፣ እንዳይወጋቸው።

ለምን እንዳቀበልኩ መጻፍ አልፈልግም። ደክሞኛል።


ኤፕሪል 2

ላላ ዘኪያ መጣች። በጓሮ በር ነው የገባችው፣ ሐያት ገበያ ስትሄድ ጠብቃ።

ሃያ ሁለት ዓመት አብረን የአበባ ውሃ አውጥተናል። ዛፉ የእሷ፣ የመዳቡ ድስት የኔ። እኔ እሳቱን እጠብቃለሁ፣ እሷ ከድስቱ ክዳን ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ውሃ ሲሞቅ ቀድታ ቀዝቃዛ ትለውጣለች። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ለሁለት እንካፈላለን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዛሬ ከዛፉ ሥር አንሶላ ዘርግተን አበባ እየለቀምን ነበር።

«ላላ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም» አለችና ተቀመጠች። ጉልበቷን እያሸች ቆየች። «መብሩካ፣ አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ።»

«ምን አሉኝ?»

«ሲሚንቶው ነው። ዕውር ነኝ እንዴ? ሲቆርጡት አይቻለሁ። ሌሊት ሌሊት ዛፉ ሲያቃስት የምሰማው ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለሐያት አይነግሯትም? ለሙንሲፍ አይነግሩትም?»

«ምን ብዬ? የአባትህን ዛፍ ገደልከው ልበለው?» ሻርፗን አስተካከለች። «እኔ በልጄ ቤት ነው የምኖረው። ቁርሴን የምታቀርብልኝ ሐያት ናት። እሷ ፊቷን ስታጠቁር ቤቱ ሁሉ ይጠቁራል። አንቺ የራስሽ በር አለሽ። ዘግተሽ ትቀመጫለሽ።»

«እና?»

«እና ዓይን ነው ይበሉ። ተያቸው። ይህን የምትጽፊበትን ነገር ዝጊላቸው፣ ደስ ይበላቸው፣ ይረሱታል። ምን ትጎጃለሽ? ደግሞ ላንቺ አዲስ አይደለም።»

ደግሞ ላንቺ አዲስ አይደለም።

በክፋት አይደለም ያለችው። እንዲያውም እጄን ይዛ ነው ያለችው። እንዲህ ያለ ነገር በፍቅር ሲነገር ምን ይመለስለታል? «እሺ ላላ» አልኩ። እስከ በሩ ሸኘኋት።


ኤፕሪል 3

እሺ ላላ! እሺ ላላ!

ምስር አሳረርኩ። ድመቷን ጮህኩባት። ምን አደረገች?


ኤፕሪል 4

ዘጋሁት። አማኒ በስልክ የትኛውን እንደምጫን ነገረችኝ። ሦስት ዓመት የጻፍኩት ሁሉ በአንድ ጣት ጠፋ። አልጠፋም፣ ተደብቋል አለችኝ፣ በፈለግሽ ጊዜ ይመለሳል። የሚመለስ ከሆነ ለምን እንዲህ ይሰማኛል?

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሐያት ደጄ ድረስ መጣች። በሳህን በቴምር የተሞላ ጣፋጭ፣ መቅሩድ ይዛለች፣ ቴምሩ ገና ትኩስ ነው።

«ኻልቲ መብሩካ፣ ይቅመሱ። አሁን ነው የጋገርኩት።»

ኻልቲነቴ ተመለሰልኝ። አንድ ሳህን መቅሩድ ነው ዋጋው።

«ማንም ሊያስከፋዎት አልፈለገም እኮ» አለች። «እርስዎም ቢሆኑ አውቀው አላደረጉትም። ዓይን በሰው ፈቃድ አይደለም።»

ይቅር አለችኝ! በራፌ ላይ ቆማ ይቅር አለችኝ። አመሰገንኩ። ሳህኑን ተቀብዬ አመሰገንኩ።

አልበላሁትም። እሱም ትልቅ ጀግንነት ሆኖ ነው አሁን የምጽፈው።


ኤፕሪል 6

ሁለት ቀን ሙሉ የምጽፍበት ቦታ ስላጣሁ ይሆናል፣ ይህ ደብተር አላስተኛኝ አለ። ስለዚህ መቀሱን ለምን እንዳቀበልኩ እጽፋለሁ።

ነዒም ተቅማጥ ነበር የያዘው። ጁላይ ነው፣ የእኛ በጋ፣ ግድግዳው ራሱ ያቃጥላል። ናፊሳ በትኩሳት ሌላ ክፍል ተኝታለች። አማቴ «የሚያወርደው ውሃ ነው፤ ከላይ ከጨመርንበት መቼ ይቆማል? ይድረቅ» አሉ። ያኔ ሁሉም እንዲህ ያደርግ ነበር። ሕፃኑን ለኔ ሰጡኝ። «ቢያለቅስም እንዳትሰጪው» አሉኝ። ሁለት ቀን አልሰጠሁትም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማልቀስ አቆመ። እኔ ጠማኝ። ኩባያ አንስቼ ስጠጣ አየኝ። አፉን ከፈተ። ድምፅ የለውም፣ አፉን ብቻ። ጠጥቼ ኩባያውን እሱ በማያየው በኩል አስቀመጥኩት። እንዳያይና እንዳይጓጓ ነው፣ አዝኜለት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ማታ ሞተ። አማቴ «ዓይን ነው፤ ሐብሐብ ነው ያለችው ዕለት ነው የተነካው» ሲሉ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያኔ የተሰማኝን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቀለለኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሰላጣ ሳህን ስጠቀልል ጋዜጣው ላይ የሕፃን ሥዕል አየሁ። ያኔ ቃል በቃል እየለቀምኩ ነበር የማነበው፣ ስለዚህ አንድ ጊዜ አልመጣብኝም፤ ቀስ እያለ ነው የመጣው። ተቅማጥ። ለያዘው። ሕፃን። ውሃ። አትከልክሉ። ሌላው ሰው ይህን ሰምቶ ያውቅ ይሆናል። እኔ ግን በራሴ ዓይን፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ካነበብኳቸው የመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሳህኑን በዚያው ገጽ ጠቀለልኩት። ለጎብኚዎች ተሸጠ። አንድ ቤት ውስጥ ይኖራል አሁንም።

ዓይን አይደለም። ዛፉንም የጎዳው ዓይን አይደለም፣ ልጁንም የገደለው ዓይን አይደለም። ሁለቱም ውሃ ነው የተከለከሉት። ሰውም ሁለቱንም ጊዜ ወደ እኔ አየ፣ እኔም ሁለቱንም ጊዜ እሺ አልኩ።

ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ናፊሳ ጋ እሄዳለሁ።


ኤፕሪል 7

ነገ አልሄድም። ዝናብ ነው።


ኤፕሪል 9

ሄድኩ። ናፊሳ የምትኖረው ዳር ሸዕባን ነው፣ በታክሲ አሥር ደቂቃ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በሠርግና በለቅሶ ካልሆነ ይህን አሥር ደቂቃ አልሄድኩም።

ደጅ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሸብታለች። «ምን ነው? ሰው ሞተ?» አለችኝ።

«የለም። ስለ ነዒም ነው የመጣሁት።»

እጇ አላቆመም። «ከሠላሳ ዓመት በኋላ?»

«ከሠላሳ አንድ። ናፊሳ፣ በዓይኔ አይደለም የሞተው። በጥም ነው። ኩባያው በእኔ እጅ ነበር፣ አልሰጠሁትም።»

በመንገድ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ብያለሁ። ትጮሃለች፣ ትመታኛለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ነበር። ባቄላውን ሳህኑ ውስጥ ጣለችና፣ «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ሁሉን። ከአርባው በኋላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ጠየቀችኝ። ውሃ ትሰጡት ነበር ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። ወረቀቷን አስቀመጠችና አየችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።»

«ያን ጊዜ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር?»

«ታዲያ ምን ልበል? እናቴ ናት እኮ ያዘዘችው! በሰው ፊት የእናቴን ስም ላንሳ?»

«ስለዚህ የኔን ስም ሰጠሻቸው።»

አሁን እጇ ቆመ።

በሕይወቴ እንዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ከዚያ የመጣው ሁሉ ራሱ ነው የመጣው። ልጅ የወለደች ሴት ቤት እንዳልገባ፣ በአማኒ አርባ ቀን ሴቶቹ ልጄን ከእኔ ሸፍነው እንደያዟት፣ አንዴ የገዛ ወንድሟ ሳደቅ ተቆጥቶ «ዓይንሽን አንሺ» እንዳለኝ። እሱንም ነገርኳት። ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር።

ስጨርስ ናፊሳ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ?» አለች። «አፍ አልነበረሽም? ኩባያው ባንቺ እጅ ከነበረ፣ አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

ተነሣሁ።

«ልትጽፊው ነው?» አለችኝ ከኋላዬ። ጦማሩን ታውቀዋለች ማለት ነው። ታነበው ይሆን?

«አዎ።»

«የእናቴን ስም?»

«የእናትሽን ስም አላነሳም። የኔን እጽፋለሁ።»

የፈለፈለችውን ባቄላ በላስቲክ አድርጋ ያዢ አለችኝ። አልያዝኩም። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ነው የቆጨኝ።

ለጥያቄዋም መልስ ያገኘሁት እዚያው ታክሲ ውስጥ ነው። ዓይኔ ጥፋተኛ እስከሆነ ድረስ እጄ ነፃ ነበር። ለዚህ ነው መቀሱን ያቀበልኩት። ናፊሳ እናቷን ሸሸገችብኝ፣ እኔ ደግሞ እጄን ሸሸግሁባት።

ግን እሷ ላይ ያለኝ ንዴት በዚህ አልቀነሰም። ይቀንስ ነበር ብዬ መዋሸት አልችልም።


ኤፕሪል 10

ስድስት ጊዜ ጻፍኩት። አምስቱ ረዥም ነበሩ፣ ይቅርታ የሚለምኑ። ስድስተኛው አጭር ነው። ገጹን ከፈትኩ፣ አወጣሁት። ስሜን ሙሉውን ጻፍኩ፤ መብሩካ፣ የሸክላ ሠሪው የሳደቅ ሚስት። እስከ ዛሬ ስሜን ጽፌ አላውቅም።

ስለ ዛፉ ሙንሲፍን በስሙ አልጠራሁም። «የቤቱ ልጅ» ነው ያልኩት። ናቡል ውስጥ ይበቃል። ላላ ዘኪያ የለመነችኝን አላነሳሁም። እሱ የእሷ ነው።

ስለ ነዒም ያለውን ጽፌ ስጨርስ ምስር ሠርቼ በላሁ። ገርሞኛል።


ኤፕሪል 11

ጠዋት ሙንሲፍ የቤቴን በር ደበደበ። ስልኩን እንደ ክስ ወረቀት ዘርግቶ ይዟል። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሟል።

«ይህ ምንድን ነው ኻልቲ መብሩካ?»

«አንብበኸዋል።»

«ሰው ሁሉ አንብቦታል! መሥሪያ ቤት ድረስ! የእናቱን ዛፍ የገደለ እያሉኝ ነው!»

«እንደዚያ አልጻፍኩም። ሥሩ በመጥረቢያ ተቆረጠ፣ ሲሚንቶው እስከ ግንዱ ፈሰሰ ነው ያልኩት። ውሸት ነው?»

«መኪናዬን የት ላቁም ታዲያ? ጭንቅላቴ ላይ?»

አንዱ መንገደኛ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

«ያጥፉት። አሁኑኑ፣ እያየሁ።»

«አላጠፋውም።»

«በዚህ ዕድሜዎ ምን አስጀመረዎት? ዝምተኛ ሴት ነበሩ እኮ!»

«ነበርኩ።»

ሐያት ከግቢያቸው ውስጥ «ና ግባ፣ ከእሷ ጋ አፍ አትካፈት፣ ደግሞ አንተን እንዳታይህ!» ስትል ሰማን። እሱ እንደመሄድ ሲል፣ ከግድግዳው ማዶ ሌላ ድምፅ መጣ። ላላ ዘኪያ ናት። ቁመቷ ከግድግዳው አያልፍም፤ አትታይም።

«ሙንሲፍ! ምንድን ነው የጻፈችው?»

«ምንም እማ፣ ግቢ አንቺ።»

«ምንም ከሆነ ለምን ትጮሃለህ?»

አስፋልቱ ላይ የቆሙት ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«መብሩካ!» አለች። «እኔ ፊደል አላውቅም። ሁሉም እየመጣ የየራሱን ይነግረኛል። አንቺ የጻፍሽውን አንቺ አንብቢልኝ።»

«ልምጣ ላላ?»

«እዚያው ሁኚ። ጮክ ብለሽ።»

መነጽሬን አመጣሁ። ደጃፌ ላይ ቆሜ አነበብኩ። ስለ ነዒም ያለው ላይ ስደርስ በላይኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተ። ኩባያው ላይ ስደርስ ከቆሙት ሴቶች አንዷ «ያ ረቢ» ብላ ፈጣሪዋን ጠራች። አላቆምኩም። ስለ ዛፉ ያለውንም አነበብኩ፤ ኖቬምበር፣ ሁለት ሠራተኞች፣ መጥረቢያ፣ ክንድ የሚያህል ሥር። «ውሃው በየት ይገባል?» አልኩ ለራሴ፣ መናገር ሲገባኝ ለራሴ አልኩ፣ ይላል ጽሑፉ። ከዚያ ስሜን አነበብኩ።

መነጽሬን አወለቅሁ።

«ሥሩ የተቆረጠበትን ድገሚው» አለች ላላ ዘኪያ። «እሱ ገና እዚያ ቆሟል አይደል? እሱ እያለ ድገሚው።»

ደገምኩት።